«አበል በልቶ ነው» ለተባለው ወንድሜ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ጉማራ ወንዝ ሐይቁን ከሚቀላቀልበት አካባቢ ነው። ረዘም ያለ ነው። የሰውና የማኅበር ስም አውጥቼ፣ አሳጥሬ ላቅርበው።

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ባሕር ዳር ተምሬ ወደ ትውልድ ቀበሌዬ ተመልሻለሁ። አሁን የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበራችን ጸሐፊ ነኝ። አባቴ ያረፈው ልጅ ሳለሁ ነው። ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው። ጀልባ ላይ መጀመሪያ ያወጡኝ፣ መረብ መጣል ያስተማሩኝ፣ ደብተርና እስክሪብቶ የገዙልኝ እሳቸው ናቸው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ስብሰባ ነበረን። አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ነጭ ዓሣ በክረምት እንቁላሉን ሊጥል ወደ ወንዝ ሲወጣ ጉማራ አፍ ላይ መረብ አንጣል አልኩ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት እንተወው፣ ካልሆነ ልጆቻችን ነጭ ዓሣን በሥዕል ነው የሚያዩት አልኩ። ገና ሳልጨርስ ከኋላ አንዱ ‹ስንት ተከፍሎህ ነው?› አለ። ሳቁ። ሌላው ‹ፕሮጀክት መጥቷል፤ አበል በልቶ ነው› አለ። እውነቱን ለመናገር መጋቢት ላይ የሁለት ቀን ሥልጠና ወስጃለሁ። አበልም ተቀብያለሁ። ሐሳቡ ግን ከዚያ በፊትም በልቤ ነበር። እማምላክን ብዬ ማልኩ። ማንም አልሰማኝም።

ከዚያ አጎቴ ተነሡ። ‹እኛ ብንተወው ከማዶ የሚመጣው ያጠምደዋል። ቆሮሶም (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) እኮ ቀንሷል፤ ቆሮሶ ደግሞ ወንዝ አይወጣም። ዳሩ ታርሶ፣ ደንገሉ ተጭዶ ነው ያለቀው። አራት ወር ሙሉስ ልጆቻችንን ምን እናብላቸው? መሐል ሐይቁ ላይ ዓሣ ሞልቷል፤ እኔ አውቃለሁ› አሉ። ንዴት ይዞኝ ነበር። አጎቴ ከተማ ውስጥ መረብ የሚሸጡባት ሱቅ አለቻቸው። ‹ጋሼ፣ መረብዎ እንዳይከስር ነው እንጂ ለዓሣው አስበው አይደለም› አልኳቸው። በሰው ፊት። ቤቱ ጸጥ አለ። ኮታቸውን አንሥተው ወጡ። ስብሰባውም ተበተነ።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ። አያናግሩኝም። አክስቴም ቡና ስታፈላ መጥራቷን ትታለች። ክረምቱ ደርሷል፤ መረቡም ሊጣል ነው። ትክክል መሆኔን አውቃለሁ። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ መልስ ሲያጡ ሰውን ‹ተልኮ ነው፣ ተከፍሎት ነው› የሚሉ ሰዎችን እንዴት ነው አፍ የማስይዛቸው?

ጨነቀኝ፣ ከጣና ዳር»

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ስለ አንተ ተናደድኩ። ሰው ያሰበበትን ነገር ይዞ ተነሥቶ፣ ገና ሳይጨርስ «ስንት ተከፍሎህ ነው?» ሲባል ያማል። በራሴ ደርሶብኝ አውቀዋለሁ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ዓይኔ አጎትህ ላይ ቀረ። ኮታቸውን አንሥተው ሲወጡ ታዩኝ።

አፍ ማስያዣ ጠይቀኸኛል። እሱን ልሰጥህ አልችልም። አንተ ራስህ አንድ አፍ አስይዘሃልና። ያሳደጉህን ሰው አፍ አስያዝክ፤ ምን አተረፍክ?

ሁለቱን ንግግሮች ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። እነሱ «አበል በልቶ ነው» አሉህ። አንተ «መረብዎ እንዳይከስር ነው» አልክ። የአንተው ለአጎትህ ስለሆነ ይከብዳል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። አንዱ ኪስህን ዳበሰ፤ አንተ የሰውን ሱቅ ዳበስክ። በሁለቱም ጊዜ ሐሳቡን ያቀረበው ሰው መልስ አላገኘም። ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ በዚያ ቤት ውስጥ ስለ ዓሣ ያወራ ሰው የለም።

ይህ ንግግር ለምን ቶሎ አፋችን ላይ እንደሚመጣ ብዙ አስቤበታለሁ። አንደኛ ነገር ዕውቀት አይጠይቅም። ለአንተ ሐሳብ መልስ ለመስጠት ነጭ ዓሣ መቼ እንደሚወጣ፣ የት እንደሚጥል፣ ስንት ዓመት ኖሮ ለመውለድ እንደሚደርስ ማወቅ ያስፈልጋል። «ተከፍሎት ነው» ለማለት ግን ምንም ማወቅ አያስፈልግም። ሁለተኛ ነገር የተባለው ሰው ማምለጫ የለውም። ብትምል «መሐላው ራሱ ያሳብቅበታል» ይሉሃል። ዝም ብትል «ተነቃበት» ይሉሃል። ልብህን ሰንጥቀህ አታሳይ ነገር።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ያው ቃል ለተቃራኒውም መሥራቱ ነው። ተነሥተህ «ጉማራ አፍ ላይ ዓመቱን ሙሉ እናጥምድ» ብትል ኖሮ «አጎቱ መረብ ይሸጣሉ፤ ለዚያ ነው» ይባል ነበር። አየህ? እንተው የሚልም፣ እናጥምድ የሚልም በአንድ ቃል ይወድቃል። እንግዲህ ሁለቱንም የሚጥል ነገር ስለ ዓሣው ምን ነገረን?

እዚህ ላይ የራሴን ልንገርህ። ለማንም ጽፌው አላውቅም።

የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ በሰፈራችን እድር ውስጥ የራሳችንን ድንኳን እንግዛ የሚል ሐሳብ ተነሣ። በየለቅሶው ኪራይ መክፈል ሰልችቶን ነበር። ሁላችንም ደስ አለን። አንዲት አባል ብቻ ተቃወመች። ሦስት ነገር አነሣች። ማን ያስቀምጠዋል፣ ማን ያጥበዋል፣ የባሕር ዳር ክረምት እርጥብ ነው፤ ሳይደርቅ ከታጠፈ ይሻግታል አለች። ይህች ሴት ድንኳንና ወንበር ታከራይ ነበር። እጄን አውጥቼ «እንግዲህ ኪራይሽ እንዳይቀርብሽ ነው» አልኳት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ በዚያ ጉዳይ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ድንኳኑ ተገዛ። በአንድ አባል ጓሮ ተቀመጠ። ሁለት ክረምት አላለፈም፤ ስንዘረጋው ግማሹ ጥቁር በጥቁር ሆኖ ተገኘ። ሽታው ለቀስተኛውን አስወጣ። የዚያን ቀን ድንኳን የተከራየነው ከማን ይመስልሃል? ከእሷ። አንድም ቃል ሳትናገር መጥታ ተከለችልን።

እኔን የገረመኝ፣ ስለ እሷ የተናገርኩት ሐሰት አለመሆኑ ነው። ኪራይዋ በእውነት ይቀርባት ነበር። ጥቅም ነበራት። የተናገረችውም እውነት ነበር። ሁለቱ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ያን ጊዜ አላወቅሁም። እንዲያውም ድንኳን ሥራዋ ስለሆነ ነው ከሁላችንም በላይ ስለ ሻጋታ የምታውቀው። ጥቅሟ ያለበት ቦታ ዕውቀቷም ያለበት ቦታ ነበር። ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። «ሦስቱን ጥያቄዬን አንድ ሰው ቢመልስልኝ ኖሮ ግዙ እል ነበር» አለችኝ። እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች።

አጎትህም እንዲሁ ናቸው። መረብ ይሸጣሉ። ስለዚህ ማን ምን ዓይነት መረብ እንደሚገዛ፣ ከማዶ ማን እንደሚመጣ፣ ዓሣው ምን ያህል እንዳነሰ ከአንተ ይልቅ ሊያውቁ ይችላሉ።

«ታዲያ የሰው ጥቅም ጭራሽ አይታይም ማለት ነው?» ትለኝ ይሆናል። አይደለም። ዓሣ ገበያ ሂድና እይ። ሻጩ «ዛሬ ጠዋት የወጣ ነው» ይልሃል። መሸጥ እንደሚፈልግ ታውቃለህ፤ ለዚህ ነው ቆሞ የሚጠራህ። ግን «ይህ ሰው መሸጥ ስለሚፈልግ ዓሣው የቆየ ነው» ብለህ ትሄዳለህ? አትሄድም። ጎንበስ ትላለህ። የጆሮውን ክዳን ገልጠህ ውስጡ ቀይ መሆኑን ታያለህ። ዓይኑ ጥርት ማለቱን ታያለህ። በጣትህ ጫን ብለህ ሥጋው መመለሱን ታያለህ። የሻጩ ጥቅም ጎንበስ እንድትል አደረገህ፤ ሥራው ይህ ብቻ ነው። ትኩስነቱን የሚነግርህ ዓሣው ነው።

ገልጠህ የምታየው ነገር ከሌለ ግን ሌላ ነው። ሰው «አየሁ» ብቻ ካለህና ያየውን ማየት ካልቻልክ፣ ያለህ የሰውዬው ቃል ብቻ ነው። ያን ጊዜ ማን ነው፣ ምን ይጠቅመዋል ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ፍርድ ቤትም ምስክርን በመስቀለኛ ጥያቄ የሚፈትነው ለዚህ ነው። የምስክር ቃል በምስክሩ ላይ ይቆማል። ምክንያት ግን በራሱ እግር ይቆማል። ጠላትህም ቢያቀርበው፣ ሕፃንም ቢያቀርበው ያው ነው።

አሁን በዚህ ዓይን የአጎትህን ንግግር መልሰህ ተመልከት። ደብዳቤህ ላይ ቃል በቃል ጽፈኸዋል፤ ለዚህ አመሰግንሃለሁ። አራት ነገር ነው የተናገሩት። ከአራቱ ምስክርነት የሆነችው አንዷ ብቻ ናት፦ «መሐል ሐይቁ ላይ ዓሣ ሞልቷል፤ እኔ አውቃለሁ» ያሉት። እዚህ ላይ ሱቃቸውን ማሰብ ትችል ነበር። በጨዋ ደንብ «ጋሼ፣ ሌላ ያየ ሰው አለ?» ማለት ትችል ነበር። ሦስቱ ግን ምክንያቶች ናቸው። ሦስቱም መልስ ይፈልጋሉ፤ አንዱንም አልመለስክም።

የቆሮሶውን ነገር እንይ። እኔ ሳነበው ቀጥ አልኩ። አጎትህ ትክክል ናቸው። ቆሮሶ እንደ ነጭ ዓሣ ወደ ወንዝ አይወጣም። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምትፈለፍለው፤ ጫጩቶቹም የሚያድጉት ዳር ዳሩን፣ ጥልቀት በሌለውና ሣርና ደንገል ባለበት ውኃ ነው። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ ነው። ውኃው ሲሸሽ ገበሬው ባሕር ሸሹን ተከትሎ ያርሳል። ደንገሉ ይታጨዳል፤ ይነቀላል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጩ ያንኑ ዳር ይዞታል። ስለዚህ ጉማራ አፍን ብትዘጉ ለነጭ ዓሣ ይጠቅማል እንጂ ቆሮሶን አይመልስም። አንተ በስብሰባው «ዓሣ» እያልክ ሁለቱን አንድ ላይ አድርገህ ከሆነ፣ አጎትህ ያረሙህ ትክክለኛ እርማት ነው። መልሱም «እውነት ነው ጋሼ፤ ለቆሮሶ ደንገሉን መጠበቅ አለብን፣ ለነጭ ዓሣ ደግሞ የወንዙን አፍ» ነበር። አየህ፣ የእሳቸው ተቃውሞ ሐሳብህን ያፈርሰዋል ብለህ ፈራህ እንጂ ያሟላልህ ነበር።

የአንተም ሐሳብ በራሱ እግር ይቆማል። ነጭ ዓሣ የምንላቸው ብዙ ዝርያዎች ናቸው። 15 ያህሉ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት። ክረምት ሲገባ ከፊሎቹ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በግልገል ዓባይ ሽቅብ ይወጣሉ። ወንዙ አፍ ላይ ተሰብስበው ሲጠብቁ መረብ የጣለ ሰው፣ ሊወልዱ የመጡትን ነው የሚያነሣው። በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ ማስገር በጣና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት ወንዝ ወጥተው የሚወልዱት ዝርያዎች ጠቅላላ ክብደት በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱን ሐይቁ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ይህን ያህል ነገር በእጅህ ይዘህ ስለ ሱቅ ማውራትህ ነው እኔን የቆጨኝ።

«ከማዶ የሚመጣው ያጠምደዋል» ያሉትም ቀላል ነገር አይደለም። እናንተ ብቻ ብትተዉ፣ የተዋችሁትን ሌላው ቢያነሣ፣ ዓሣውም አይተርፍ እናንተም ትራቡ። አገራችን ስለ ዓሣ ሀብት አዋጅ ያወጣችው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ አዋጅ ግን ብቻውን ከውኃ ውስጥ መረብ አያወጣም። ስለዚህ ሐሳብህ «እኛ እንተው» መሆኑ ቀርቶ «ከጎረቤት ማኅበራት ጋር አብረን እንተው» ይሁን። ይህን ያሻሻሉልህ አጎትህ ናቸው። በስብሰባም ይህንኑ ብለህ ስማቸውን ጥራ።

ስለ ልጆች ምግብ የተነሣው ጥያቄ ደግሞ በግምት የሚመለስ አይደለም። ጸሐፊ ነህ፤ መዝገቡ በእጅህ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ከወንዙ አፍ የሚገኘው ገቢ ከዓመቱ ስንት እጅ እንደሆነ ቁጠረው። ዓሣ በሁዳዴ እንደሚፈለግ ባሕር ዳር ያለ ሁሉ ያውቃል። ነሐሴ ላይ ግን ፍልሰታም አለች፤ ሳታይ አትገምት። አራቱ ወር ከከበደ ዓሣው በብዛት የሚወጣባቸውን ነሐሴንና መስከረምን ብቻ ጠይቅ። የተራበ ሰው ስለ ነገ ሲሰማህ መጀመሪያ የዛሬውን እንደምታውቅለት ማየት ይፈልጋል።

አንድ ነገር ደግሞ በልቤ ይመላለሳል። እኛ ሰምና ወርቅ የለመድን ሰዎች ነን። ጎጃም እነ ዋሸራና ጎንጅ ያሉበት የቅኔ አገር ነው። ከተነገረው በታች ያልተነገረውን መፈለግ ደማችን ውስጥ አለ። አንድ ሰው «እንደምን አደርክ» ቢለን እንኳ «ምን ለማለት ፈልጎ ነው?» እንላለን። ሙያው መልካም ነው። ግን ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ጠይቅ፦ ሰሙን ሳይፈታ ወደ ወርቁ የሚዘል ተማሪ አለ? የለም። ሰሙ በራሱ ሙሉ ትርጉም አለው። መጀመሪያ እሱ ይፈታል። እኛ በስብሰባችን የምናደርገው ሰሙን ጥሎ ወርቅ ፍለጋ መሮጥ ነው። ሰውዬው የተናገረው ምን እንደሆነ ሳንሰማ፣ ያልተናገረውን አገኘን እንላለን። የድሮዎቹ በላ ልበልሃ ሲሟገቱ «ተጠየቅ!» ይባባሉ ነበር። የተጠየቀ ሰው የተጠየቀውን ይመልሳል። በቃ።

ደግሞ ይህን በጣም አስብበት፦ በዚህ ዘመን በእኛ አካባቢ «ተልኮ ነው» ቀላል ቃል አይደለም። ሰው በዚህ ቃል ከሰፈር ይወጣል። ከዚያም የባሰ ይደርስበታል። ላንተ የተወረወረው ቃል ይህ ነው። አንተም ወደ ሌላው አትወርውረው። በቀልድም ቢሆን።

እንግዲህ ወደሚሠራው ልግባ። መጀመሪያ አጎትህ ቤት ሂድ። ሽማግሌ አታስቀድም፤ ልጃቸው ነህ። ጠዋት፣ አክስትህ ባሉበት ይሁን። ረጅም ንግግር አታዘጋጅ። «ጋሼ፣ የሰውን ልብ እንደሚያውቅ ሰው ተናገርኩ። ልብዎን አላውቅም። የተናገሩትን ደግሞ አልመለስኩም። ይቅር ይበሉኝ» በል። ከዚያ ዝም በል። «ግን እርስዎም እኮ» የምትል ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ። ሊቆጡህ ይችላሉ። ይቆጡህ። ስለ ጉማራ አፍ የዚያን ቀን አታንሣ፤ ይቅርታህ ለክርክሩ መንገድ መጥረጊያ ከመሰላቸው ምንም አልሠራህም። እንዲህ ሲመስላቸው ደግሞ እውነት አላቸው።

ስድቡ በሰው ፊት ነበር። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥተህ ያንኑ በአጭሩ ድገመው። ይህ ከባዱ ነው። ግን አጎትህ ከዚያ ቤት የወጡት በሁሉ ዓይን ስር ነው፤ በሁሉ ዓይን ስር ካልተመለሱ የቤት ይቅርታ ግማሽ ነው።

ስለ አበሉ ደግሞ አትማል። ደብዳቤህ ላይ ለእኔ እንደነገርከኝ ለእነሱም ንገራቸው። «መጋቢት ላይ የሁለት ቀን ሥልጠና ወስጃለሁ፤ አበል ተቀብያለሁ» በል፤ ስንት እንደሆነም ጨምር። ሳይጠይቁህ፣ ስብሰባው ሲጀመር። እነዚያ ሰዎች ፕሮጀክት ሲመጣና ሲሄድ ብዙ አይተዋል። ሰሌዳው ተተክሎ ሥራው የቀረበትንም አይተዋል። ጥርጣሬያቸው ከሜዳ አልመጣም። በዚያ ላይ አንተ ደበቅኸው። የተደበቀ ነገር ሲገኝ ይከብዳል፤ ራስህ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው ግን ሁለት ቀንና ጥቂት ብር ነው። ከኋላ ያለው ሰውዬ ደግሞ «አበል በልቶ ነው» ቢል «አዎ፣ ነግሬያችኋለሁ፤ አሁን ወደ ዓሣው እንመለስ» በለው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ሁለተኛውን ከጨመርክ ስብሰባው ስለ አንተ ይሆናል።

ከዚያ ዓሣውን ራሱን አምጣው። ሐምሌ መጨረሻ ወይም ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ከወንዙ አፍ 10 ነጭ ዓሣ፣ ከመሐል ሐይቁ 10 ነጭ ዓሣ ይውጣ። አባላቱ ባሉበት ሆዱ ይከፈት። ስንቱ እንቁላል እንደያዘ ይቆጠር። ቢላዋውን አንተ አትያዝ። አጎትህ ይያዙት። እጃቸው ከአንተ ይልቅ ያውቃል፤ ማንም ደግሞ አበል በልተዋል አይላቸውም። ይህ ሁሉን ነገር አይፈታም። የቆሮሶውንም፣ የማዶውንም፣ የምግቡንም ጥያቄ አይመልስም። ግን ከዚያ በኋላ የሚነጋገረው ሰው ዓይኑ ያየውን ይዞ ይነጋገራል። «መሐሉ ላይ ሞልቷል» ያሉትም አብሮ ይታያል፤ 10 ዓሣ ለማግኘት ስንት ሰዓት እንደፈጀ ጻፍ።

ስብሰባው ላይ ልትሸነፍ እንደምትችልም እወቅ። ሁሉም ነገር ተስተካክሎ፣ አጎትህም ታርቀውህ፣ «ዘንድሮ አይሆንም» ሊሉ ይችላሉ። ያን ጊዜ «በቃ ጥቅማቸው ነው» የምትለዋ ቃል ተመልሳ ምላስህ ጫፍ ላይ ትመጣለች። ከመናገርህ በፊት መዝገብህን ከፍተህ የትኛውን ጥያቄያቸውን እንዳልመለስክ ፈልግ። እኔ ያቺን ድንኳን አከራይ ስንቴ አስባታለሁ መሰለህ።

እስከዚያው አክስትህ ቡና ሳይጠሩህ ሂድ። ሆዱ የተከፈተ ቀን ደግሞ ጻፍልኝ። ከ10ሩ ስንቱ እንቁላል እንደያዘ ንገረኝ። ቁጥሩ አንተ ከጠበቅኸው ቢያንስም ንገረኝ።

እህትህ፣ ከባሕር ዳር